«እንኳን ደስ አለዎት!»፦ ስለ ስፓምና የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ቤት አለችኝ። ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት፣ ኢሜይል መክፈት፤ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ለደንበኛ የማቀርበው ወንበር የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ (ጅማ መቼ አይዘንብና?) የቆርቆሮው ጩኸት እስኪያባራ መንገደኛው ሁሉ እኔ ጋ ይጠለላል። ከዚያ ስልኩን ያወጣና «እስቲ ይቺን እያት፣ እውነት ናት?» ይለኛል።

አይደለችም። ግን «አይደለችም» ብቻ ብሎ ሰው መሸኘት ነውር ስለሆነ ሁሌም ረጅም ማብራሪያ ውስጥ እገባለሁ። ያንን ማብራሪያ በቃሌ መደጋገም ሰልችቶኝ ነው ዛሬ የጻፍኩት። የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስፓም ምንድን ነው? ስሙስ ከየት መጣ?

ሳትጠይቁና ሳትፈቅዱ፣ ለእናንተም ለሌላውም ሕዝብ በጅምላ የሚላክ መልእክት ነው። ስፓም ሁሉ ሌባ አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ነዝናዛ ሻጭ ነው፤ መናኸሪያ በር ላይ እጅ እየጎተተ «አጋሮ! አጋሮ!» እንደሚል ረዳት። እናንተ የምትሄዱት ወደ ቦንጋ ቢሆንም ግድ የለውም።

ስሙ የመጣው ከቆርቆሮ ሥጋ ነው። ሆርሜል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ1937 ጀምሮ የሚሸጠው የታሸገ የአሳማ ሥጋ ስሙ ስፓም ነው። በ1970 በአንድ የብሪታንያ የቴሌቪዥን ቀልድ ላይ፣ የምግብ ቤቱ ሜኑ ከላይ እስከ ታች ስፓም የገባበት ሆኖ፣ ተመጋቢዋ ስፓም የሌለበት ምግብ ፍለጋ ስትጨቃጨቅ ታየች። የኢንተርኔት ሰዎች ስሙን የወሰዱት ከዚያ ነው። ጅማ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የማይቀምሰው ነገር ስለሆነ፣ ስሙ ለእኛ ሁለት ጊዜ ልክ ነው።

የመጀመሪያው ስፓም የሚባለው የተላከው ሜይ 3 ቀን 1978 ነው። ጋሪ ቱርክ የሚባል የአንድ ኮምፒዩተር አምራች ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ፣ ያኔ በነበረችው ትንሽ ኔትወርክ ላይ ለ400 ያህል ሰዎች በአንዴ ማስታወቂያ ላከ። ወቀሳው ወረደበት። ሽያጩ ግን እንደቀናው ራሱ ተናግሯል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ባይቀናው ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

አንድ የማላውቀው ሰው ሚሊዮን ዶላር ሊያካፍለኝ ለምን እኔን መረጠኝ?

አልመረጣችሁም። ስማችሁን እንኳ አያውቅም፤ ደብዳቤው «ውድ ወዳጄ» ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ታሪኩ ግን ከኢሜይል በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በፖስታ የሚላክ «የስፔኑ እስረኛ» የሚባል ማጭበርበሪያ ነበር። አንድ ሀብታም ሰው ስፔን ውስጥ ታስሯል፣ የደበቀው ሀብት አለ፣ ማስፈቻ ትንሽ ገንዘብ ብትልኩ ሀብቱን ይካፈላችኋል። እስረኛው በኋላ የሟች ጄኔራል ሚስት ሆነ፣ ከዚያ የነዳጅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ከዚያ ካንሰር የያዛት መንፈሳዊ ሴት። ሥራው «419» የሚባለው በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ ውስጥ በማታለል ገንዘብ ስለመቀበል የሚናገረው አንቀጽ ቁጥሩ 419 ስለሆነ ነው። ሥራው ግን የናይጄሪያ ብቻ አይደለም፤ ሌባ አገር የለውም።

በሁሉም ውስጥ የማይለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብዙ ከመቀበላችሁ በፊት ጥቂት ትከፍላላችሁ። የጠበቃ፣ የቀረጥ፣ የማስተላለፊያ፣ የማኅተም። ጥቂቱ ከተከፈለ በኋላ ሌላ ጥቂት ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንዴ 5 ሺህ ብር የከፈለ ሰው 5 ሺውን ላለማጣት 10 ይጨምራል።

ታዲያ ውሸታቸው ለምን እንዲህ ቀሽም ሆነ? ትንሽ አስበው መዋሸት አቃታቸው?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው።

በ2012 ኮርማክ ኸርሊ የተባለ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ይህንኑ ጠየቀ። አጭበርባሪው ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን የናይጄሪያ ታሪክ ለምን ይጠቀማል? ሌላ አገር መጥራት አይችልም? መልሱ ተገላቢጦሽ ነው። ኢሜይል መላክ ምንም አያስወጣም። የሚያስወጣው መልስ ከሰጡት ጋር ሳምንታት መጻጻፉ ነው። ውሸቱ የሚያሳምን ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ይመልስና ገንዘብ መክፈያው ላይ ሲደርስ ነቅቶ ይሸሻል። ለአጭበርባሪው ከስሮ መቅረት ነው። ውሸቱ ቀሽም ሲሆን ግን የሚነቃው ሁሉ ከበሩ ይመለሳል። የቀረው እስከ መጨረሻው የሚሄደው ብቻ ነው።

እዚህ ቡና ለቃሚ ያላየ የለም። ሴቶቹ ክምሩ ፊት ቁጭ ብለው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለዩ ያወጣሉ፤ ደህናው ይቀራል። አጭበርባሪውም ለቃሚ ነው። ልዩነቱ ደህናውን አውጥቶ የሚጥል መሆኑ ነው።

ይህን ስላችሁ ግን የተበላ ሰው ሁሉ ሞኝ ነው እያልኩ አይደለም። በዚች በርጩማ ላይ ዶክተርም፣ ነጋዴም፣ የባንክ ሠራተኛም ተቀምጦ አልቅሶብኛል። እኔ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ሰው የሚሸወደው ሲጠብቀው የነበረ ነገር ሲመጣለት ነው። ዲቪ ያልሞላ ሰው «ዲቪ ደርሶሃል» ቢሉት ይስቃል። የሞላው ግን ልቡ ትመታለች።

አማርኛቸውን ምን ነካው?

ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ሌቦቹም አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ። አንድ ደንበኛዬ ያሳየኝ እንዲህ ይላል፦ «ውድ የተወደድክ ሆይ፣ እኔ መበለት ነኝ። ባሌ ከሞተች በኋላ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ትቶኛል። በአስቸኳይ ወደ እኔ ተመለሺ። ከምርጥ ሰላምታዎች ጋር።» ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ። «ባሌ ከሞተች» የምትለዋ ለሳምንት የሰፈራችን ሰላምታ ሆነች።

ግን በዚህ አትተማመኑ። ማሽኖቹ በየወሩ እየተሻሻሉ ነው፤ ዘንድሮ የሚመጡት ደብዳቤዎች «ባሌ ከሞተ በኋላ» ማለት ችለዋል። ሰዋስው እያያችሁ ሌባ የምትለዩበት ጊዜ እያለፈ ነው። የሚጠየቀውን ነገር እዩ፤ ገንዘብ፣ ፓስወርድ፣ ወይስ ጥድፊያ?

ዲቪ እንደደረሰኝ ኢሜይል መጣልኝ። 880 ዶላር ላኪ ይላል። ምን ላድርግ?

ምንም አትላኪ።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ደርሶሃል» ብሎ ለማንም ኢሜይል አይልክም። ፎርሙን የሞላ ሰው ራሱ፣ በኮንፈርሜሽን ቁጥሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ገብቶ ያያል። ሌላ መንገድ የለም። የገጹ አድራሻ የሚያልቀው «ዶት ጎቭ» ብሎ ነው። ሌቦቹ ባንዲራውንም ንስሩንም ለጥፈው አድራሻቸው «ዶት ኮም» ወይም «ዶት ኦርግ» ላይ ያልቃል። አንዳንዶቹ «ጎቭ» የሚለውን መሐል ላይ ይሸጉጡታል፤ የምታዩት መጨረሻውን ነው። የቪዛ ክፍያ ደግሞ ለግለሰብ ስም በሐዋላ ተልኮ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ሙያ አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ትልቁ የዲቪ ማጭበርበር ሁሌ ከሩቅ አይመጣም። አንዳንድ ፎርም ሞይ የራሱን ኢሜይል ያስገባና ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን ለራሱ ያስቀራል። ዕጣው ሲወጣ «ክፈል» ይላል፤ ከባሰበትም «እህቴን አግብተህ ይዘሃት ሂድ» ይላል። ማንም ይሙላላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን። የኮንፈርሜሽን ወረቀቱን ሳትይዙ ከበሩ አትውጡ። ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዘንድሮ ያለበትን ሁኔታ ከኤምባሲው ገጽ እንጂ ከፌስቡክ አትስሙ።

ባለፈው አንዲት እናት መጥተው ነበር። ልጃቸው የሞላላቸው ነው። ኢሜይሉን አሳትመው፣ በፕላስቲክ አስለብጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። እውነቱን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ላሚኔሽኑ 40 ብር ነው የፈጀው» አሉኝ። እንደ እሳቸው የሚያስተዛዝን የኪሳራ ሒሳብ አላየሁም።

የውጭ አገር ቡና ገዢ ነኝ የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እውነት ይሆን?

ቡና አገር ስለሆንን ይሄ ጥያቄ በሳምንት አንዴ አይቀርም። የሐጂን ታሪክ ላውራ። ሐጂ ከሄርማታ በኩል የሚመጡ የቡና አቅራቢ ናቸው። ኢሜይል የከፈተላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡ፣ በርጩማው ላይ ተደላደሉና «አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩ። ዱባይ ያለ ድርጅት ነኝ ይላል። 40 ኮንቴነር ቡና ይፈልጋል። ዋጋው ከገበያው በላይ ነው። በአስቸኳይ ይላክልኝ ይላል። ለ«ወኪልነት ምዝገባ» 850 ዶላር ብቻ ይጠይቃል። እኔ ወዲያው ስለ አድራሻው ልሰብክ ስዘጋጅ ሐጂ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ናሙና ጠይቋል?»

አየሁ። «አልጠየቀም፣ ሐጂ።»

«የየትኛው አካባቢ ቡና ይላል? የታጠበ ነው ደረቅ? ደረጃውስ?»

«የይርጋጨፌ ቡና ከጅማ ነው የሚለው።»

ሐጂ ሳቁ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ ከረጢት 320 ያህል ይይዛል፤ 19 ቶን ከምናምን ማለት ነው። በጣታቸው 40 ጊዜ አባዙትና «ይሄ ሰውዬ ሰባት መቶ ስድሳ ስምንት ቶን ቡና ሳይቀምስ ሊገዛ ነው?» አሉ። «በል አጥፋት።» ኮምፒዩተር የማያውቁት ሰውዬ ከእኔ በላይ ነቁ። የነቁት በሙያቸው ነው። እኔ አድራሻ አያለሁ፣ እሳቸው ናሙና ይጠይቃሉ።

ግን አደገኛው የቡና ኢሜይል እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። አደገኛው እውነተኛ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነተኛ ነው። ሌባው የላኪውን ወይም የገዢውን የኢሜይል ፓስወርድ ያገኛል። ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ውል ሲጻጻፉ ያነባል፣ መርከቡ መቼ እንደሚነሳ ያውቃል። ኢንቮይስ የሚላክበት ቀን ሲደርስ በዚያው ስም፣ በዚያው አነጋገር አንዲት መስመር ይጽፋል፦ «ባንካችንን ቀይረናል፣ ክፍያውን በዚህ አካውንት አስገቡ።» አለቀ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ለ2023 ባወጣው ሪፖርት በዚህ ዘዴ ብቻ የደረሰለት የኪሳራ አቤቱታ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የባንክ ቁጥር ተቀየረ ከተባለ ስልክ ደውሉ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ድሮ በምታውቁት ቁጥር። ነውር አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ በጥናትዎ ተደንቀናል» የሚል ኢሜይል በየቀኑ ይመጣልኛል። ገና ማስተርሴን አልጨረስኩም።

እንኳን ደስ ያለህ፣ ፕሮፌሰር።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተቀላቅለው የተመሠረተ ነው። የሚያሳትም ሰው ብዙ አለ። ያሳተመ ሰው ደግሞ ኢሜይሉ ጽሑፉ ላይ ታትሞ ይወጣል፤ ለቃሚዎቹ ከዚያ ይለቅሙታል። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ጥርስ ተከላ፣ ስለ ሳተላይትና ስለ ሆቴል አስተዳደር በኮንፈረንስ ላይ «ዋና ተናጋሪ» ሆኖ ተጋብዟል። መመዝገቢያውን ከከፈለ ማለት ነው።

የእነዚህ መጽሔቶች ንግድ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ይቀበላሉ፣ ዶላር ያስከፍላሉ። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የሞላው የፈጠራ ጥናት ጽፎ ለ304 መጽሔቶች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላው ነው። ዴቪድ ማዚየር እና ኤዲ ኮለር የሚባሉ ሁለት የኮምፒዩተር ሳይንቲስቶች የኮንፈረንስ ግብዣ ሲሰለቻቸው በ2005 አንድ «ጥናት» ጻፉ። ጥናቱ ከርዕሱ እስከ መደምደሚያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በጨዋ አማርኛ ሲመለስ «ከዚህ የተረገመ ዝርዝራችሁ አውጡኝ» ማለት ነው። ግራፍም አለው፤ ግራፉም የሚለው ያንኑ ነው። በ2014 አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪ ይህንኑ ለነዘነዘው መጽሔት መልሶ ላከው። መጽሔቱ ተቀበለው። 150 ዶላር ክፈል አለው።

ከዝርዝሩ ግን አላወጡትም።

እኛ ጋ ሳቁ ግማሽ ነው። ለእድገት የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃል፣ ደህናዎቹ መጽሔቶች ደግሞ ዓመት ያስጠብቃሉ። «በ5 ቀን እናትማለን» የሚለው የሚያማልለው ለዚህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት መምህራችሁን ወይም የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ጠይቁ።

አንዱ «በካሜራህ ቀርጬሃለሁ» አለኝ። ፓስወርዴንም ጽፎታል! ማንም እንዳይሰማ።

አትፍራ፣ ቀስ በል። ይሄ ከ2018 ወዲህ ዓለምን ያጥለቀለቀ ደብዳቤ ነው። «ነውረኛ ቪዲዮ ስታይ ቀርጬሃለሁ፣ በቢትኮይን ካልከፈልክ ለቤተሰብህ እልካለሁ» ይላል። ለማስደንገጥ ከላይ ፓስወርድ ይለጥፋል። ፓስወርዱ እውነተኛ ነው፤ ግን የድሮ ነው። ከተዘረፈ ድርጅት ዝርዝር ላይ የተወሰደ ነው። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ኢሜይል ያሁ ነበር አይደል? ያሁ በ2013 ሲዘረፍ የተነካው አካውንት 3 ቢሊዮን ነበር፤ የነበረው በሙሉ ማለት ነው።

አንድ ልጅ ልዘጋ ስል መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። «ባለፈው ወር እዚህ ያንተ ኮምፒዩተር ላይ ስጠቀም ነው የተቀረጽኩት» አለኝ። ኮምፒዩተሩን ዞር አድርጌ አሳየሁት። ካሜራ የለውም። የእኔ ቤት ዴስክቶፖች ካሜራ ኖሯቸው አያውቅም። ልጁ እየተንገዳገደ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ምን ሲያይ እንደነበር አልጠየቅኩትም። አትክፈል፣ አትመልስ፣ ያንን ፓስወርድ አሁንም የምትጠቀምበት ቦታ ካለ ቀይረው አልኩት።

አድራሻዬን ከየት አገኙት?

ከተዘረፉ ድርጅቶች፣ ሲቪያችሁን ከለጠፋችሁበት ገጽ፣ «ነፃ» ከሚል አፕ፣ ለ200 ሰው ሁሉ አድራሻው እንዲታይ አድርጎ ከላከው የስብሰባ ጸሐፊ። አንዳንዴም ገምተው ነው። የስም ዝርዝር ወስዶ ቁጥር እየቀጠሉ ለሁሉም መላክ ለማሽን የደቂቃ ሥራ ነው።

የላኪው ስም የማውቀው ሰው ነው። እንዴት ሐሰት ሊሆን ይችላል?

ፖስታ ላይ «ከ» በሚለው ቦታ የፈለጋችሁትን ስም ብትጽፉ ፖስታ ቤቱ አይከለክላችሁም። ኢሜይልም እንደዚያው ነው። ኢሜይል የሚተላለፍበት ደንብ በ1982 ሲጻፍ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ተማማኝ ሰዎች ናቸው፤ ማንም ማንን ይዋሻል ተብሎ አልታሰበም። በኋላ እነ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ፣ ኢሜይሉ እውነት ከተባለው አድራሻ መምጣቱን የሚያዩ ማጣሪያዎች ተጨመሩ። ይጠቅማሉ። ግን ሌባው ከራሱ አድራሻ ልኮ ስሙን ብቻ የአለቃችሁን ካደረገው ማጣሪያው ምንም አይልም።

ስልክ ላይ ደግሞ የሚታየው ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ስትነኩት ከሥሩ እውነተኛው አድራሻ ይወጣል። ይህቺን አንድ ነገር ተለማመዱ። ከአድራሻው ውስጥ «ኦ» በዜሮ፣ «ኤል» በ1 ተተክቶ ካገኛችሁ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው።

ከሥር ያለውን «ከዝርዝር አስወጣኝ» ልጫን?

ራሳችሁ የተመዘገባችሁበት ድርጅት ከሆነ አዎ። ካልሆነ አትንኩት፤ «እዚህ ሰው አለ» ብላችሁ በር መክፈት ነው። ስፓም የሚለውን ተጫኑና እለፉ።

ስድብ ልጻፍላቸው?

ይገባኛል። ግን አይሆንም። ስድቡን የሚያነበው ሰው አይደለም፤ አድራሻው በሕይወት መኖሩን የሚመዘግብ ማሽን ነው።

ስፓም ፎልደሩን ጭራሽ ባልከፍተውስ?

እሱም ስህተት ነው። ማጣሪያ ይሳሳታል። ጉግል ከስፓሙ ከ99.9 በመቶ በላይ እይዛለሁ ይላል፤ ግን አንዳንዴ ንጹሑንም አብሮ ያስራል። እውነተኛ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ የመልስ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ከልጅቷ ጋር አብረን ያገኘንበት ቀን አለ። ከመበለቷና ከክብደት መቀነሻው መሐል ነበር። ማመልከቻ ያስገባ ሰው በሳምንት አንዴ ይመልከት።

ቢል ጌትስ በ2004 ዳቮስ ላይ ስፓም በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብሎ ነበር። እንግዲህ እየጠበቅን ነው።

ሕግ የለም ወይ?

አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 15 ስለ ስፓም ነው። ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። በኮምፒዩተር ማታለልም ወንጀል ነው። ችግሩ መበለቷን የት ሄደን እንያዛት? ገንዘብ ከተወሰደባችሁ ግን ለፖሊስም ለባንካችሁም በዚያው ቀን አመልክቱ፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ኢሜይሉን አታጥፉት፣ ማስረጃ ነው።

በኤስኤምኤስና በቴሌግራም የሚመጣውስ?

ያው ነው፣ ቀሚስ ቀይሮ። የሞባይል ገንዘባችሁን ሚስጥር ቁጥር ወይም በኤስኤምኤስ የመጣላችሁን ኮድ የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም። በቃ።

ፓስወርዴን ሐሰተኛ ገጽ ላይ አስገባሁ። አሁንስ?

አሁኑኑ፣ ከተቻለ በሌላ ስልክ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ። ከዚያ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውን ተጫኑ፤ አለበለዚያ ሌባው ውስጥ እንዳለ በሩን ትቆልፉበታላችሁ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ መግባት ነው። ሌባ ኢሜይላችሁ ወደ እሱ እንዲተላለፍ ወይም የሚያስጠነቅቋችሁ መልእክቶች ቀጥታ ወደ ቆሻሻ እንዲገቡ ትእዛዝ ትቶ ይሄዳል። ይህን ከየት አወቅክ ካላችሁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።

አንተስ ተበልተህ ታውቃለህ?

አውቃለሁ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። የምዝገባ ሰሞን ስለነበረ ቤቱ በተማሪ ተጨናንቋል። መብራት ሄዶ የመጣው ገና አሁን ነው። የኢሜይል ሳጥኔ እውነትም ሞልቶ ጠዋት አንድ ፋይል መላክ አቅቶኛል። ልክ በዚያ ሰዓት «ሳጥንዎ ሞልቷል፣ ለማስፋት እዚህ ይጫኑ» የሚል መጣ። ተጫንኩ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። እየተናደድኩ አስገባሁ። ሌላውን ቀን ሙሉ ሰውን የማስጠነቅቅ ሰውዬ አድራሻውን እንኳ አላየሁም። ስጠብቀው የነበረ ነገር ነዋ የመጣልኝ።

በነጋታው ዱከም ያለችው አክስቴ ደወለች። ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት።

«መቼ ነው ማኒላ የሄድከው?»

«ማን? እኔ?»

«ቦርሳህን ተሰርቀህ ሆቴል ታግተሃል። 1,200 ዶላር ላኪልኝ ብለህ ጽፈህልኛል። አንተ፣ ፓስፖርት እንኳ ሳታወጣ እንዴት ማኒላ ገባህ?»

እኔ ከአጋሮ ማዶ ሥራ ብሎ ሄጄ የማላውቅ ሰው ነኝ። በስልኬ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ደንበኛውም፣ የድሮ መምህሬም፣ ያው ደብዳቤ ደርሶታል። ያስጠነቀቁኝ ሰዎች መልስ ለምን እንዳልታየኝ የገባኝ ሌባው የተወውን ትእዛዝ ሳገኝ ነው።

«ከፈልሽ እንዴ?» አልኳት እየፈራሁ።

«ምን አቃጥሎኝ! መልስ ግን ጻፍኩለት። ገንዘቡን እልክልሃለሁ፣ መጀመሪያ ለገና ማር ሞልቼ የሰጠሁህን ጀሪካን መልስ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ዝም።»

ጀሪካኑ አሁንም እኔ ቤት ነው።